በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ

ልጅ እያለሁ ቤት ውስጥ የምጠራው “ጉድ” ተብዬ ነበር። አባቴ ያወጣልኝ ደህና ስም ነበረኝ፤ እናቴ ግን ደህና ስም ለልጅ አደጋ ነው ባይ ናት። ላምበረት፣ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆማ “አንተ ጉድ!” ብላ ስትጣራ ድምጿ ቦሌ ድረስ ሄዶ ሊነሣ የተንደረደረ አውሮፕላን ያስቆም ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አብራሪው “አቤት!” ብሎ ሞተሩን አጥፍቷል ይባላል። ይባላል የምለው፣ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ከቤት ስንወጣ ከድስት ቂጥ ጥላሸት በጣቷ ጠርጋ ከጆሮዬ ጀርባ ትቀባኛለች። ሌሎች ልጆች ለውጭ አዲሱን፣ ለቤት አሮጌውን ይለብሳሉ፤ እኛ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ኢድ ሲመጣ አዲሱን ሱሪና ሸሚዝ ለብሼ በሩ ተዘግቶ ሳሎን ውስጥ እንጎራደዳለሁ፤ እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታየኛለች። ከዚያ “በቃ፣ አውልቅ” ትልና ክርኑ የተቀደደውን ሹራብ አልብሳ ወደ ሰው ትልከኛለች። ጎረቤት “ልጅሽ እንዴት ነው?” ስትላት “ተዪኝ እስቲ፣ እሱም ልጅ ሆኖ!” ትላለች። ጎረቤቲቱም በተራዋ የራሷን ልጅ ታዋርዳለች። ሁለቱም ልጆቻቸው ከክፍል አንደኛና ሁለተኛ እንደወጡ ተግባብተው ይለያያሉ።

የጥላሸቱን ምክንያት እኔን አስቀምጦ የነገረኝ ሰው የለም። ሳሎናችን ውስጥ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረ አንድ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ታሪኩን የሰማሁት አክስቴ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ነው። ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ። ገና መናገር ሲጀምር እናቴ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጠው ነበር። አንዲት መንገደኛ ለስላሳ ልትጠጣ ሱቁ ጋ ቆመች። አየችው። “ወይኔ ሲያምር! ጥርሱንስ ማን ደረደረለት?” አለች። ማሻ አላህ አላለችም። ጠርሙሱን መልሳ ሄደች። የዚያኑ ዕለት ልጁን ትኩሳት ያዘው። አክስቴ እዚህ ስትደርስ ልጣጩን ሰብስባ ተነሣች፤ የቀረውን እንድጠይቃትም አልፈቀደችልኝ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ነው ያደግሁት። መመስገን እንደሚገድል የማውቀው እሳት እንደሚያቃጥል በማውቅበት ልክ ነው።

የምማረው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመት ስለሆነው የግል ትምህርት ቤት አዲስ ነገር ነው፤ አባቴ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና እየነዳ የሚያገኘውን ያፈስበት ነበር። አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ታክከው ነው የሚያልፉት። ዝቅ ከማለታቸው የተነሣ ተሳፋሪው የምሳ ዕቃችንን አይቶ “ዛሬም ሽሮ?” የሚለን ይመስለኝ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጠዋት፣ መምህራችን ጠመኔ ልታመጣ ወጣ እንዳለች፣ አንዱ አውሮፕላን ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሲመጣ ብድግ አልኩና “ጎማው ወልቋል! ኳስ ሜዳችን ላይ ሊያርፍ ነው!” አልኩ። በቃ ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ክፍሉ በመስኮት ተደፋ። ጎረቤት ክፍሎችም ተደፉ። ዳይሬክተሯ ራሷ አንድ ጫማዋን ጥላ አጥር ሥር ተገኘች። አንድ ልጅ እጁ ተሰበረ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ።

ዳይሬክተሯ እናቴን አስጠራቻት። ጫማዋን አጥልቃለች፤ ፊቷ ግን ገና እየሮጠ ነበር።

“ልጁ ጤነኛ አይመስለኝም። ኦሎምፒያ አካባቢ የልጆችን ጠባይ የሚመዝኑ ባለሙያ አሉ። እዚያ ይውሰዱት። እሳቸው ከሌሎች ልጆች ጋር መማር ይችላል ብለው ከጻፉ ይቀመጣል። ካልጻፉ ይውሰዱልኝ።”

እኔ መመዘን ሲባል የሱቃችንን የስኳር ሚዛን ነው ያሰብኩት። በአንዱ በኩል እኔ፣ በሌላው የብረት ድንጋዮቹ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው አባቴ ከመንገድ እስኪመለስ ነው። ነገሩን ሰምቶ እጁን እየታጠበ፣ ዞር ብሎም ሳያየን፣ “ከትምህርት ቤት ከተባረረ ወንድሜ ዘንድ ነው የሚሄደው” አለ።

አጎቴ ከኮምቦልቻ ወዲያ የሚኖር ገበሬ ነው። ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም፤ ድምፁን ሰምቼው ስለማላውቅ። አንድ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ በለፍላፊነቱ እኔን የሚያስንቅ፣ ተኝቶ እንኳ የሚያወራ። አስቸገረ ተብሎ አጎቴ ዘንድ ተላከ። ከዓመት በኋላ ለኢድ መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ያለኝን ሁሉ ቀልድ አወረድኩለት፤ ዝንብ እንኳ በሳቅ ከግድግዳ የሚወድቅበትን ሳይቀር። ልጁ ጨርሼ ዝም እስክል ጠበቀና በሩን አየት አድርጎ “እሺ” አለኝ። ሻይ ሲሰጡት “እሺ”። ደህና ነህ ወይ ሲሉት “እሺ”። ትልልቆቹ “እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ወጣው!” ተባባሉ። እኔ ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። እኔን የምታውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ኦሎምፒያ ያለው ቢሮ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ መጋጠሚያው መንገድ ተከፍቷል። እናቴ ለዚያ ቀን ያላትን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጋ ነበር። የተቀደደው ሹራብ፣ ያልተበጠረ ጸጉር፣ ጥላሸት። ባለሙያዋ ቀጠን ያለች፣ መነጽር ያደረገች፣ ከእናቴ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ሚዛን የላትም። ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው ያላት። ወረቀቱ ላይ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ትይዩ ሦስት ሣጥን አለ። በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ።

“ልጁ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቢጠብቀን ይሻላል” አለች።

“ከማያውቀው ሰው ሁሉ ጋር? እዚሁ ይቀመጥ” አለች እናቴ። ተቀመጥኩ።

“እሺ። ልጁ በቀላሉ ይቆጣል?”

“ይሄ? ክብሪት ነው።”

“ከሦስቱ አንዱን ቢሉኝ...”

“ብዙ ጊዜ።”

“ዕቃ ይሰብራል?”

“ያልሰበረው ዕቃ ገና ከፋብሪካ አልወጣም።”

“ብዙ ጊዜ ልበል?”

“በይ።”

“በእንስሳት ላይ ይጨክናል?”

“ድመቶች ሲያዩት ሰፈር ይቀይራሉ።”

ይህን ስትል ደነገጥኩ። ጓሯችን ውስጥ አንዲት አንካሳ ድመት ነበረች፤ ከራቴ ላይ እየደበቅሁ የማበላት። እናቴ ታውቃለች። እኔ እንዳላይ የምትጨምርልኝ ቁራሽ ለድመቷ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ መንገደኛው ላይ።

“ሌሎች ልጆችን ይረዳል?”

“እሱ? ለራሱም የማይረባ!”

“በጭራሽ?”

“በጭራሽ።”

መጀመሪያ ላይ ዝናዬ አስደስቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። የላምበረት ሽፍታ የሆንኩ መሰለኝ። ቀስ በቀስ ግን እርሳሱን ማየት ጀመርኩ። ምልክቶቹ በአንድ በኩል ብቻ፣ በክፉው በኩል፣ እየተከታተሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣ ጉንዳኖቹ ወዴት እንደሚሄዱ ደግሞ እኔ አውቃለሁ፦ ከኮምቦልቻ ወዲያ። “እማ” አልኩ። ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ።

ባለ እርሳሷ የዚሁ አገር ልጅ ናት። የእሷም እናት በልጅነቷ “ይቺ ደግሞ ምን ትረባለች” ሳትላት አትቀርም። ወረቀቱ ግን ያለው ሦስት ሣጥን ነው። “ዓይን ፈርታ ነው” የሚል አራተኛ ሣጥን የለውም።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጆሮዬን አየችው።

“ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው?”

“እድፍ ነው። አይታጠብም።”

ከሣጥኖቹ ውጭ፣ ኅዳጉ ላይ፣ ረዘም ያለ ነገር ጻፈች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እርስዎ... ልጅዎን ይወዱታል?” አለች።

እናቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የተከፈተውን መስኮት አየች።

“ልጅ ነው። ምኑ ይወደዳል?” አለች።

ባለ እርሳሷ እርሳሷን አስቀመጠች። “መምህርቷ የሞላችው ወረቀት ደርሶኛል። ለፍላፊ ነው፣ ክፍል ይረብሻል፣ ግን ያለቀሰ ልጅ ካለ ሄዶ የሚያስቀው እሱ ነው ትላለች። እርስዎና እሷ የምታወሩት ስለ አንድ ልጅ አይመስለኝም። በእርስዎ ቃል ከሄድኩ ከሌሎች ልጆች ጋር መማር አይችልም ብዬ ነው የምጽፈው። ረቡዕ አንድ ጊዜ ደግሞ ይምጡና እንየው። እስከዚያ አልጽፍም።”

ደረጃውን ስንወርድ የእናቴ እጅ በረዶ ሆኖ ነበር።

አባቴ የሚቀጥለው ጭነቱ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ “ረቡዕ ካልተጻፈለት ሐሙስ ከእኔ ጋር ይወጣል፤ መንገዴ ላይ ነው” ብቻ አለ። እራት ላይ አባቴን ለማሳቅ ያላደረግሁት የለም። የዳይሬክተሯን አሯሯጥ በቁሜ ሠራሁት። አባቴ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው፤ ከዚያ እናቴን አየና ተወው። እሷ ከቁም ሣጥኑ ሥር ትንሿን ሻንጣ አውጥታ ልብስ እያጠፈች ነበር። ያጠፈችው የኢዱን ልብስ ነው፤ የቤቱን፣ ሰው ያላየውን። ያኔ ነው የምር የገባኝ። ያንን ልብስ ከቤት እንዲወጣ ከፈቀደች በእኔ ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። ፎቶው እንደልማዱ ጀርባውን ሰጥቶናል። የሆነ ቀን የእኔም ፎቶ ከጎኑ፣ እንደሱው ፊቱን አዙሮ፣ የሚሰቀል መሰለኝ።

ረቡዕ ጥላሸቱ በጆሮ ጀርባ አልቆመም። ግንባሬን፣ አገጬን፣ መዳፌን ሳይቀር ቀባችኝ። መገናኛ ላይ ታክሲ ስንሳፈር ወያላው አየኝና “እናት፣ ከሰል ከላይ ነው የሚጫነው!” ብሎ ጮኸ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን እናቴ ያንን ወያላ ዘር ማንዘሩን ቆጥራ፣ ከሰል አድርጋ፣ አክስላ፣ በኪሎ ትሸጠው ነበር። አልመለሰችለትም። ኦሎምፒያ እስክንደርስ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ እያደረገች ነው።

ባለ እርሳሷ አዲስ ወረቀት አውጥታ ጠብቃናለች። ጥላሸቴን አይታ ወንበር ሳበችልን።

“ዛሬ እውነቱን ነው የምፈልገው” አለች። “ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣው የእሱ ጠባይ ሳይሆን የእርስዎ ቃል እንዳይሆን ነው የምፈራው።”

“እውነቱን ብናገርስ? ከዚያ በኋላ ማን ነው የሚጠብቀው? አንቺ ነሽ?”

“ከምን?”

እናቴ ወደ መስኮቱ በአገጯ አመለከተች። “ዝጊው።”

ባለ እርሳሷ ተነሥታ ዘጋችው።

“መጋረጃውንም።”

ጋረደችው። ክፍሉ ጨለም አለ።

“በሩስ?”

“ዝግ ነው።”

“ቆልፊው።”

ሴትዮዋ ቆለፈችው። ስትመለስ አንገቷ ላይ ማዕተቧ ታየኝ። እናቴም አይታዋለች።

“ማሻ አላህ ትያለሽ?”

“እላለሁ።”

“ለእያንዳንዱ።”

“ለእያንዳንዱ እላለሁ። በልቤ ደግሞ ስመ ሥላሴ እላለሁ። ይበቃል?”

እናቴ ትንሽ አሰበች። “ሁለቱም ይሁን” አለች። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው እንዲህ አለች፦ “ያቺ ሴትዮ አላለችም ነበር። ለስላሳዋን ጠጥታ ዝም ብላ ሄደች።” ስለ ወንድሜ ስታወራ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው። ባለ እርሳሷ ማንን እንደምታነሣ አላወቀችም፤ ግን አልጠየቀችም። እርሳሷን ያዘች።

እናቴ ብድግ ብላ ከኋላዬ ቆመች። በሁለት እጇ ሁለቱን ጆሮዬን ደፈነችው።

ምን ልበላችሁ፤ ያ እጅ የሱቅ እጅ ነው፤ ስኳር የሚሰፍር፣ ከረጢት የሚጎትት። ሳሙናና ላምባ ይሸታል። ዓለም ሁሉ ጋን ውስጥ ገባ። የሚሰማኝ ሹሹታ ብቻ ነው። ጀርባዬ ሆዷ ላይ ተደግፏልና ስትናገር ንዝረቱ በአከርካሪዬ ይመጣል፤ ቃሉ ግን የለም። ፊት ለፊቴ የማየው እርሳሱን ነው። እርሳሱ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጥግ፣ ሄዶ ወደማያውቀው ሣጥን፣ ሄደና ምልክት አደረገ። የሴትዮዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ማሻ አላህ። ይህንን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም፤ ሰፈራችን ውስጥ ደንቆሮም ያነበዋል።

ንዝረቱ ቀጠለ። ማሻ አላህ። እንደገና ማሻ አላህ። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ነው፤ እናቴ ግን ታወራለች፣ ታወራለች፣ ትንፋሽ ትወስድና ደግሞ ታወራለች። አንድ ቦታ ላይ ሴትዮዋ መጻፏን ትታ መነጽሯን አወለቀች። ምን ተባለ? ድመቷ ትሆን? ወይስ ሌላ፣ ማንም ያላየኝ መስሎኝ ያደረግሁት ነገር? ያቺ ከንፈር በተንቀሳቀሰች ቁጥር ስለ እኔ አንድ መልካም ነገር እየተነገረ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መልካም ነገር ሲነገር ምን እንደሚከተል ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ላብ በጥላሸቱ ውስጥ ይወርድ ጀመር። ትኩሳት የሚጀምረው እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። “ይብቃሽ እማ!” ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ለራሴም ከሩቅ ነው የመጣው። እጇ ይበልጥ ጠበቀ። አላቆመችም።

በመጨረሻ ስትለቀኝ የመንገዱ ጡሩምባ እንደ ጎርፍ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

“በቃሽ?” አለች እናቴ። ድምጿ ደርቋል።

“በቃኝ” አለች ባለ እርሳሷ። “ይማራል።”

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ባዶውን የጎን ወንበር አየት አድርጎ፣ “ወንድሜ ዘንድሮ ለጨዋታ አልታደለም” አለና ሄደ። ከእሱ አፍ የወጣ ቀልድ ስለነበር ከሚገባው በላይ ሳቅሁለት። መኪናው ላምበረትን አልፎ ጭሱ እስኪጠፋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ ዘለልኩ። ትምህርት ቤት ልመለስ ነው፣ ምላሴ አልተነካም፣ አገር የእኔ ነው።

እናቴ አልሳቀችም። መጥታ መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች።

“ትኩስ ነህ።”

“አይደለሁም።”

“ምላስህን አውጣ።”

አወጣሁ። ብርሃን ወዳለበት አዙራ አየችው። ያን ቀን ከባንኮኒው ኋላ ከዓይኗ አልለየችኝም፤ ለስላሳ የሚጠጣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ከረጢቶቹ መሐል ትገፋኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንትም፣ በሚቀጥለው ወርም መዳፏ አልቀረም። የኢዱ ልብስ ከሻንጣው ወጥቶ ቁም ሣጥን ተመለሰ። በር ዘግቶ መጎራደድ ግን ቀረ፤ አንድ ጊዜ ያየችኝ የበቃት ይመስል።

ምን እንዳለች ስንቴ ጠየቅኋት! በኩፍኝ ተኝቼ ጠይቄአታለሁ፣ ተመርቄ ጠይቄአታለሁ፣ በሠርጌ ማግስት ጠይቄአታለሁ። “ምንም አላልኩም፤ አፌን ነው ያላመጥኩት” ትለኛለች።

በቀደም ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እንግዶች ነበሩ። እኔም እንደልማዴ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን ሃያ እያደረግሁ ቤቱን በሳቅ አፈረስኩት። አንዲት ሴት ዓይኗን እየጠረገች “ወይ ያንቺ ልጅ! እንዴት ያለ ተጫዋች ነው!” አለቻት። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

“አፉ ብቻ ነው” አለች እናቴ። ፊቷን ሳታዞር፣ ሰው በማያይበት፣ ከሶፋው ሥር እጄን ፈልጋ ያዘችና አውራ ጣቷን የደም ሥሬ ላይ አስቀመጠች። እንግዶቹ ተነሥተው እስኪሄዱ አለቀቀችኝም።